ኢመልሲፋየር ሲጨመርበት ክሬሙ ለምን ቅቤ ሆነ?

ጥያቄው የመጣው አራት ኪሎ አካባቢ ካፌ ካላቸው ሴት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ለማኪያቶና ለሻይ የሚሆን ክሬም ራሴ እሠራለሁ። ወተት፣ ትንሽ የወተት ዱቄትና በሊትር 100 ግራም ያህል የቀለጠ ለጋ ቅቤ በብሌንደር እመታለሁ። ሲያድር ቅባቱ ላዩ ላይ ይንሳፈፍብኝ ነበር። ስለዚህ ለአይስክሬም የምጠቀምበትን የኢመልሲፋየር ዱቄት፣ ሞኖግሊሰራይዱን፣ በሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨመርኩበት። ትኩሱን ሳየው ቆንጆ ነበር። ፍሪጅ አድሮ ሲወጣ ግን ወፍሯል። ጠርሙሱን ስነቀንቀው ቅቤ ቅቤ ሆነ። ሁለት ማንኪያ ባደርገው ጭራሽ ባሰበት። ያው ዱቄት አይስክሬሜን ግን አሳምሮልኛል። የወተት ፕሮቲንም ኢመልሲፋየሩም ሥራቸው ቅባትን ከውሃ ማስማማት ከሆነ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ለምን ተጣሉ? ወይስ ወደ ፖሊሶርቤት 80 ልቀይር?»

እህቴ፣ አጭሩ መልስ ይኸውና። ፕሮቲኑና ኢመልሲፋየሩ አይደጋገፉም፤ አንድ ቦታ ነው የሚሻሙት። ኢመልሲፋየሩ ሲበዛ ፕሮቲኑን ያስለቅቀዋል። ቦታውን ከያዘ በኋላ ግን ጠብታዎቹን እንደ ፕሮቲኑ አይጠብቅም። ለአይስክሬም ይህ ጥቅም ነው። ለጠርሙስ ክሬም ጉዳት ነው። ዱቄቱ አልተበላሸም፣ እርስዎም አልተታለሉም። ያለ ቦታው ነው የገባው።

ረጅሙን መልስ ከፈለጉ ከሚሻሙበት ቦታ እንጀምር።

ቅቤው ወተት ውስጥ ሲመታ ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይሰባበራል። እያንዳንዱ ጠብታ ዙሪያውን ከውሃ ጋር ይዋሰናል። ጠብታው ባነሰ ቁጥር ድንበሩ ይበዛል። በሊትር ያለውን ስብ ወደ 100 ግራም እናጠጋጋው። ይህ ሁሉ 1 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ስፋት ወዳላቸው ጠብታዎች ቢሰባበር፣ ገጻቸው ሲደመር 650 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። አራት ኪሎ ላይ 650 ካሬ ቦታ ያለው ሰው ሥራ ባይሠራም ይኖራል። እርስዎ በአንድ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ይዘውታል።

ይህ ገጽ ባዶውን አያድርም። ንጹህ ዘይትና ውሃ ሲገናኙ በድንበራቸው ላይ ያለው ውጥረት በሜትር ወደ 30 ሚሊኒውተን ይጠጋል። ጠብታዎቹ የሚገላገሉት መልሰው እየተገጣጠሙ ድንበራቸውን በመቀነስ ነው። ከልካይ ካላገኙ እስከ መጨረሻው ይገጣጠማሉ። ከልካይ የሚሆነው ደግሞ አንዱ ወገኑ ውሃ የሚወድ፣ ሌላው ወገኑ ቅባት የሚወድ ሞለኪውል ነው። ወተት ውስጥ እንዲህ ያለው ሞልቷል።

ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ ኬዚን ነው። የተረፈው አጓቱ ውስጥ የሚቀረው ነው። ከኬዚኖቹ መካከል ቤታ ኬዚን የሚባለው ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። 209 አሚኖ አሲዶች ያሉት ልል ሰንሰለት ነው። አንድ ጫፉ ፎስፌት የተሸከመና ውሃ ወዳድ ነው፤ የቀረው አካሉ በአብዛኛው ቅባት ይወዳል። ድንበሩ ላይ ሲደርስ አካሉን ቅባቱ ላይ ያነጥፋል፣ ጭራውን ወደ ውሃው ይዘረጋል። ጭራው አሉታዊ ቻርጅ አለው። ሌላ ጠብታ ሲጠጋ ጭራና ጭራ ይገፋፋሉ። ጠብታዎቹ ሳይጣበቁ ይተላለፋሉ።

ከአጓቱ ወገን ዋናው ቤታ ላክቶግሎቡሊን ነው። እሱ 162 አሚኖ አሲዶች ያሉት ድቡልቡል ነው። ድንበሩ ላይ ሲያርፍ ቀስ ብሎ ይከፈታል። ከተከፈተ በኋላ ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል። ከ70 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ በሰልፈር ድልድይ ይቆላለፋል። ቀጭን፣ ግን ጠንካራ መረብ ይሠራል ማለት ነው። (አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር ስለሚያልፍ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ስለሆነ አያሳስብዎት።)

ከላሟ እንደወጣ ያለ ወተት ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። የስቡ እንክብሎች በአማካይ ከ3 እስከ 4 ማይክሮሜትር ናቸው። ላሟ ራሷ በፎስፎሊፒድና በልዩ ልዩ ፕሮቲኖች በተሠራ ስስ ሽፋን ጠቅልላ ነው የምትሰጠን። ወተት ሲናጥ ግን ሽፋኑ ይቀደዳል፤ ብዙው ከአሬራው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ እርስዎ ብሌንደሩ ውስጥ የሚጨምሩት ቅቤ ራቁቱን ነው። ልብስ የሚያገኘው ከወተቱና ከወተት ዱቄቱ ፕሮቲን ብቻ ነው። (አሬራውን ልጨምርበታ፣ ይሉ ይሆናል። የእኛ አሬራ ስለኮመጠጠ ኬዚኑ አስቀድሞ ረግቷል። ለዚህ አይሆንም።)

አሁን ሞኖግሊሰራይዱ ይምጣ።

ትንሽ ነው። ቤታ ኬዚን 24,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ያህል ሲመዝን እሱ 360 ቢሆን ነው። አንድ ራስ፣ አንድ ጭራ። አንድ ለአንድ ቢገጥሙ ፕሮቲኑ ያሸንፋል። ፕሮቲኑ ድንበሩን የሚይዘው በብዙ ቦታ ስለሆነ አንዱ ቢለቅ ሌላው ይይዛል። ክሬሙን በውሃ ቢያቀጥኑት እንኳ በቀላሉ አይነሳም። ሞኖግሊሰራይዱ ግን ይገባል፣ ይወጣል። ታዲያ በምን ያሸንፋል? ተጠጋግቶ በመቀመጥ። ፕሮቲን ምንም ያህል ቢደረደር በመካከሉ ክፍተት ይተዋል። ትንሾቹ እዚያ ይገባሉ። ማታ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ የሚጋፋ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ቦታ የሚያገኘው ሻንጣ ያልያዘው ቀጭኑ ነው። ድንበሩ በትንሾች ሲሞላ ውጥረቱ ፕሮቲን ሊያወርደው ከሚችለው በታች ይወርዳል። ሥርዓቱ ወደዚያ ያደላል። ሌላ ምስጢር የለውም።

ስንት ግራም ይበቃዋል? ፕሮቲን በካሬ ሜትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ያህል ያስፈልገዋል። ለ650 ካሬ ሜትር ቢበዛ 2 ግራም መሆኑ ነው። አንድ ግራም ሞኖግሊሰራይድ ደግሞ ጥብቅ ብሎ ቢደረደር በግምት ከ400 እስከ 650 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። እንግዲህ ከአንድ እስከ አንድ ግራም ተኩል ብቻውን ድንበሩን በሙሉ ሊይዝ ይችላል። የእርስዎ የሻይ ማንኪያ ከዚያ በላይ ይይዛል። በዚያ ላይ ብሌንደር የሚሠራቸው ጠብታዎች ከ1 ማይክሮሜትር ይተልቃሉ፤ የሚሸፈነው ገጽ ካሰላነው ያነሰ ነው። እርግጥ ዱቄቱ ሁሉ ድንበሩ ላይ አይቆምም፣ ከፊሉ ስቡ ውስጥ ይቀራል። ያም ሆኖ በመጀመሪያው ማንኪያ ቦታው ሞልቷል። ሁለተኛው የቀረውን ፕሮቲን ነው ያባረረው።

ፕሮቲኑ እንዴት እንደሚባረር ደግሞ በምስል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 እንግሊዝ አገር ኖርዊች ውስጥ ማኪ፣ ጋኒንግ፣ ዋይልድና ሞሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች የድንበሩን ሽፋን በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ አዩት። ፕሮቲኑ አንድ በአንድ እየተነቀለ አልሄደም። ትንሹ ሞለኪውል መጀመሪያ በመረቡ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ይይዛል። ከዚያ ቀዳዳዎቹን ያሰፋል። ፕሮቲኑ ይገፋል፣ ይጨማደዳል፣ እየታጠፈ ሽቅብ ይወፍራል፤ ግን አይለቅም። ግፊቱ ከአቅሙ ሲያልፍ መረቡ ይበጠስና ወደ ውሃው ይሄዳል። ቤታ ኬዚን ከጎረቤቱ ጋር እምብዛም ስለማይያያዝ ቀደም ብሎ ይሸነፋል። ቤታ ላክቶግሎቡሊን መረቡን ይዞ ብዙ ይታገላል። እነሱ የተጠቀሙት ትዊን 20 (ፖሊሶርቤት 20) የሚባል በውሃ የሚሟሟ ኢመልሲፋየር ነበር፤ መጀመሪያ ያዩትም የአየርና የውሃን ድንበር ነው። በዘይትና በውሃ ድንበርም አካሄዱ ያው ሆኖ ተገኝቷል።

ከሁሉ የሚከፋው መሐል ላይ መቆም ይመስለኛል። ፕሮቲን ድንበሩን የሚጠብቀው ግትር ሽፋን ሆኖ ነው። ትንሹ ኢመልሲፋየር የሚጠብቀው በተቃራኒው ነው፤ ቦታ ሲከፈት ፈጥኖ እየሮጠ ይሞላዋል። ግማሽ ግማሽ ሲሆኑ መረቡ ተቆራርጧል። ትንሾቹም በቁርጥራጩ መካከል እንደ ልብ አይሮጡም። ሁለቱም ሥራቸውን አይሠሩም።

ወደ ፍሪጅዎ እንምጣ። ክሬሙ ትኩሱን ቆንጆ የነበረው በምክንያት ነው። ሲሞቅ ከሞኖግሊሰራይዱ ብዙው ስቡ ውስጥ ሟሙቷል። ድንበሩ ላይ ገና ብዙ ፕሮቲን አለ። ሲቀዘቅዝ ግን ሞኖግሊሰራይዱ ስቡ ውስጥ መሟሟት ያቅተዋል። ወደ ድንበሩ ይጎርፋል፣ እዚያው ተደርድሮ ይረጋል። ፕሮቲኑ የሚፈናቀለው በእነዚህ ሰዓታት ነው። እርስዎ ቤትዎ ተኝተው ሳለ ጉዳዩ አልቋል።

በዚያው ሌሊት ስቡም ይረጋል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። የወተት ስብ የብዙ ዓይነት ስቦች ድብልቅ ነው። ሙሉ በሙሉ ለመቅለጥ እስከ 40 ዲግሪ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ክፍሉ ደግሞ ከዜሮ በታችም ፈሳሽ ነው። ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ ሲሆን እያንዳንዱ ጠብታ ከፊሉ ጠጣር፣ ከፊሉ ፈሳሽ ይሆናል። ጠጣሩ እንደ መርፌ ሹል ሆኖ ጫፉን ከድንበሩ አሳልፎ ያወጣል። ወፍራም የፕሮቲን ሽፋን ቢኖር ኖሮ ጎረቤት ጠብታ አይደርስበትም ነበር። አሁን ያለው ሽፋን ስስ ነው፤ የሚገፋ ቻርጅም የለውም። ጠርሙሱ ሲነቀነቅ ሹሉ ጎረቤቱን ይወጋል። ፈሳሹ ስብ ይፈስና ሁለቱን ያጣብቃል። ሦስተኛው ይጨመራል፣ አራተኛው ይጨመራል። እርስዎ ነቀነቅሁት ይላሉ እንጂ ያደረጉት መናጥ ነው።

አይስክሬም ላይ የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ በልክ ሲሆን። ውህዱን ከ4 ዲግሪ ባልበለጠ ቅዝቃዜ ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት የምናቆየው ሞኖግሊሰራይዱ ፕሮቲኑን እንዲያስለቅቅ ጊዜ ለመስጠት ነው። ከዚያ ማሽኑ ሲመታው የተራቆቱት የስብ ጠብታዎች በከፊል ይያያዛሉ። በአየር አረፋዎቹ ዙሪያ ይደረደራሉ፣ ሰንሰለት ይሠራሉ። አይስክሬሙ ደረቅ ብሎ የሚቆመው፣ ቶሎ ቀልጦ የማይፈሰው፣ ምላስ ላይ ልስልስ የሚለው በዚህ ነው። ፕሮቲኑ ድንበሩን አልለቅም ቢል አረፋው የሚደግፈው ስብ ያጣል። ለዚህ ነው ያ ዱቄት እዚያ ያስመሰገነዎት።

«ታዲያ የታሸገው የቡና ክሬመር ላይ ኬዚኔትም (ከኬዚን የሚሠራው ፕሮቲን) ሞኖግሊሰራይድም ለምን ተጽፏል?» ብለው ይሞግቱኝ ይሆናል። ጥሩ ሙግት ነው። ፋብሪካው ከፍተኛ ግፊት ያለው ሆሞጂናይዘር፣ ስብን የሚያደቅቅ ማሽን፣ አለው። እዚያ ጠብታው ሲሰባበር የመጀመሪያዋ ቅጽበት ወሳኝ ናት። ትንሹ ሞለኪውል ውጥረቱን ፈጥኖ ስለሚያወርድ ጠብታው ይበልጥ እንዲደቅ ይረዳል። መጠኑ ግን ኬዚኔቱን እስከማባረር እንዳይደርስ ተለክቷል። ተሠርቶ ሲያበቃ ደርቆ ዱቄት ይሆናል፤ እንደ እርስዎ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ እያደረ በየቀኑ አይነቀነቅም። በዚያ ላይ ፎስፌት ጨው አለው። ቡና ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) 5 አካባቢ ነው፤ ኬዚን ደግሞ 4.6 ላይ ቻርጁን ያጣል። በጣም ተቀራራቢ ነው። ፎስፌቱ አሲዱን ያለዝባል፣ ካልሲየሙንም ይይዛል። ሌላውን ቸል ብለው ከፋብሪካው ኢመልሲፋየሩን ብቻ ቢቀዱ የሚያገኙት ግማሹን ነው።

ከብዙዎቹ ኢመልሲፋየሮች ይልቅ ከወተት ፕሮቲን ጋር የተሻለ የሚኖረው ሌሲቲን ነው። ከሶያ ወይም ከእንቁላል አስኳል ይገኛል። እሱም ቦታ ይሻማል፤ ግን የማስለቀቅ ጉልበቱ ከሞኖግሊሰራይድና ከትዊን ያነሰ ነው። ብዙ ጊዜ ክፍተቱን ሞልቶ፣ አንዳንዴም ከፕሮቲኑ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። በጾም ሰሞን በሶያ ወተት ክሬም የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ታሪኩ አይለወጥም። የሶያም ፕሮቲን ፕሮቲን ነው፤ ይፈናቀላል።

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ይህ ሽሚያ በየቀኑ ሆዳችን ውስጥም ይካሄዳል። ማኪያቶው ትንሹ አንጀት ሲደርስ የሐሞት ጨው የስብ ጠብታዎቹ ላይ ያረፈውን ፕሮቲን ያስለቅቃል። ያን ጊዜ ነው ከቆሽት የመጣው ሊፔዝ የሚባለው ኢንዛይም፣ ኮሊፔዝ በሚባል ረዳቱ በኩል፣ ድንበሩ ላይ ተቀምጦ ስቡን የሚቆርጠው። ከሚቆርጠው የሚወጣው ምንድን ነው? ፋቲ አሲድና ሞኖግሊሰራይድ። ያ የሻይ ማንኪያዎ ላይ ያለው ነገር ማለት ነው። እነሱም በተራቸው ድንበሩን ይሻማሉ።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ሞኖግሊሰራይዱን ከጠርሙሱ ክሬም ያውጡት። መጀመሪያ ላይ ቅባቱ ይንሳፈፍብዎት የነበረው ኢመልሲፋየር ስላነሰ አልነበረም። ጠብታው ትልቅ ስለነበር ነው። ትልቅ ጠብታ ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢያምር ይንሳፈፋል። ብሌንደር ደግሞ ከተወሰነ በታች አያደቅቅም። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለዎት። አንደኛው ቅቤውን ትቶ ሆሞጂናይዝ የተደረገ ክሬም ገዝቶ በወተት ማቅጠን ነው። ካገኙ ይህን እመርጣለሁ፤ ድካሙን ሌላ ሰው ጨርሶልዎታል። ሁለተኛው በቅቤው መቀጠል ነው። እንዲያ ከሆነ ስብ የሌለውን የወተት ዱቄት በሊትር ከ20 እስከ 30 ግራም ያድርጉት። ቅድም ፕሮቲን 2 ግራም ይበቃል ብዬ ነበር። በወተት ዱቄት ውስጥ ያለው ኬዚን ግን በጥቅል በጥቅል ሆኖ ስለሚያርፍ ብዙ እጥፍ ይፈጃል። ከዱቄቱም ፕሮቲኑ ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉም አለው። ዱቄቱን ለብ ባለ ወተት አሟሙተው ትንሽ ያቆዩት። ከዚያ ሁሉንም ከ60 እስከ 65 ዲግሪ አሙቀው ቅቤውን እየመቱ ቀስ ብለው ይጨምሩ። ፕሮቲኑ ቀድሞ ቦታውን ይያዝ። ከተመታ በኋላ ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ድረስ ያሙቁትና ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት፤ ያ የአጓት ፕሮቲን መረብ የሚቆላለፈው ያኔ ነው። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው ያብርዱት። ሌሲቲን ካገኙ በሊትር አንድ ግራም ያህል ቅቤው ውስጥ አሟሙተው ይሞክሩ፣ ከዚያ አይለፉ። ያም ሆኖ የብሌንደር ክሬም ከሁለት ቀን በላይ እንደማይንሳፈፍ ቃል አልገባልዎትም። ለየዕለቱ የሚበቃውን መሥራት ይሻላል።

ልዩነቱን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ግማሹን ያለ ሞኖግሊሰራይድ፣ ግማሹን ከነሞኖግሊሰራይዱ በሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆ ማሰሮ ያሳድሩ። ጠዋት እኩል ነቅንቀው በሻይ ማጥለያ ያጥልሏቸው። ማጥለያው ላይ የሚቀረው ይናገራል።

መብራት ሲጠፋ ይጠንቀቁ። ክሬም ከቅዝቃዜ ወደ 25 እና 30 ዲግሪ ሞቆ እንደገና ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ አንዳንዴ እንደ ጄሊ ይረጋል። አነስተኞቹ ሹሎች ይቀልጣሉ፣ ከዚያ ትላልቅ ሆነው ይመለሳሉ፤ የተጠጋጉት ጠብታዎችም በመካከላቸው ድልድይ ይሠራሉ። ፍሪጁ ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ካደረ ክሬሙን አይሸጡት። ሽታው ባይለወጥም ለኬክም አይሆንም።

ፖሊሶርቤት 80ን በተመለከተ፣ ለጠርሙሱ ክሬም አይሆንም። ፕሮቲን በማስለቀቅ ከሞኖግሊሰራይዱም ይብሳል። ለአይስክሬም ግን ደረቅና ቀጥ ብሎ የሚቆም ከፈለጉ ይሠራል። የሚበቃው ከውህዱ ክብደት ከ0.02 እስከ 0.04 በመቶ ነው። በሊትር ግማሽ ግራም አይሞላም። በሻይ ማንኪያ አይለካም፤ ወርቅ ቤት ያለችውን ዓይነት ትንሽ ሚዛን ይግዙ። ካበዙት አይስክሬሙ ማሽኑ ውስጥ እያለ ቅቤ ይሆንብዎታል።